ፍየሏ የበላችው ገጽ

ድሬዳዋ፣ መጋላ
ጥቅምት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ልጅ፣ ለናፊሳ፤

በድሬዳዋ ከተማ ከእኔ የተሻለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። ከተማ ያልኩት ምናልባት በዝቷል፤ መጋላ ልበል። ከመጋላም የመስጊዱን ሸኽና የመድኃኒት ቤቱን ጸሐፊ አውጪልኝ። በባቡሩ ዕቃ መጋዘን ካለነው ጫኞች ግን፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈን ከሦስታችን፣ አንደኛው እኔ ነኝ። ከሦስቱ አንዱ ባለፈው ወር ሞቷል፤ አላህ ይማረው።

ሰላምታ መቅደም ነበረበት፤ ረሳሁት። አሰላሙ አለይኩም። እንደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ ባሕሩ ዳር ድረስ ይድረስሽ፤ ጅቡቲ ያለው ሙቀት በሌላ ሰው ራስ ላይ ይውረድ። እናትሽ ፋርሒያ ደህና ናት። አልጽፍም ያለችው ተቀይማ አይደለም፤ እንደጻፍኩልሽ ስትሰማ «እሱ የጻፈው በቂዬ ነው፣ ግማሹን ቀንሳ ታንብበው» ብላለች።

አዎ፣ ይህን የጻፍኩት እኔ አብቲሽ፣ አጎትሽ ነኝ፣ በገዛ እጄ። የማታውን መሠረተ ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀት በጭብጨባ ተቀበልኩ። በአፍ ሱማሌ ባወራሽ ይቀለኝ ነበር፣ ግን ፊደሉ የገባኝ በአማርኛ ነው፤ አሁን ምላሴ በአንድ ቋንቋ፣ እጄ በሌላ ይናገራል። አስተማሪያችን ወይዘሪት ተሻለች ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበበች በኋላ «አቶ ዒልሚ፣ ማጋነን ሌላ፣ መፍጠር ሌላ፤ ይለዩ» አለችኝ። እኔ አጋንናለሁ እንጂ አልፈጥርም፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ልብስ ነጋዴዋ ሃሊሞ ከአንቺ ዘንድ ስትመለስ፣ የምትሠሪበት የመርከብ ኩባንያ ለክሬን ምልክት ሰጪ ከእኛ ከባቡሩ ሰዎች እንደሚፈልግ፣ የሁለቱም አገር ፈቃድ እንዳለው ነገረችኝ። መሬት ላይ ቆሞ በእጅና በባንዲራ «አንሣ፣ አውርድ» ማለት ብቻ! ሃያ ሁለት ዓመት ጀርባዬን የሰጠሁበትን ሥራ በጣት ልሠራው! የሕይወት ታሪኬን በአራት ገጽ ጽፌ አያይዤዋለሁ። ከሐዲድ የወጣ ፉርጎ በአንድ እጄ እንዳነሣሁ ሦስተኛው ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ። ፉርጎው ባዶ ነበር። ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎችም ነበሩ። እጄ ግን አንድ ነበር፤ በሌላኛው ሱሪዬን ይዤ ነበር።

ለሃሊሞ ቀይ ቢክ ብትሰጫት ደስ ይለኛል። ተሻለች ስሕተቴን የምታርመው በቀይ ነው፤ እኔም የማርመው ሰው አላጣም።

አብቲሽ ዒልሚ (በዐይኑ ዐ)


ጅቡቲ
ኅዳር 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበርከው አብቲ ዒልሚ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። አላህ ጤናህን እንደ ቀልድህ ያብዛልህ። ደብዳቤህን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ፈረንሳዊው አለቃዬ ሙሴው «ማን ሞተ?» አለኝ፤ እዚህ እንባ እንጂ ሳቅ አይተውብኝ አያውቁም። ቀዩ ቢክ ከሃሊሞ ጋር መጥቷል።

አብቲ፣ ማመልከቻህ ወድቋል። ማን ጣለው ብትል ሰው አይደለም፤ መኪና ነው። ኩባንያው ባለፈው ዓመት አንባቢ መኪና አስመጣ። ነጂ ያለው መኪና እንዳይመስልህ፤ እንደ ቁም ሣጥን ያለ ነው። ከእናንተ የመጣውን ቅጽ እኔ ወደ ፈረንሳይኛ እመልስና በወፍራም ካርድ ላይ ቀዳዳ እበሳለሁ። እያንዳንዱ ቃል የራሱ ቀዳዳ አለው። መኪናው የሚፈልገውን ቀዳዳ ሁሉ ካገኘ ካርዱን ወደ ቀኙ ሣጥን ይጥለዋል፤ አንዱ ከጎደለ ወደ ግራው። የቀኙን ሙሴው አንብቦ ሰዎቹን ይጠራል። የግራውን የሚያይ ሰው የለም፤ ጠራጊው ይወስደዋል።

ለፉርጎህ ቀዳዳ የለም። ለሱሪህም የለም። «ወዛደር» ላልከውም የለም፤ መኪናው ወዛደር የሚባል አያውቅም። የተወለድከው «ደቻቱ ድልድዩን በበላበት ዓመት» ብለህ ጽፈሃል፤ እሱንም አያውቅም። ደግሞም ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የሆነውን አይቀበልም፤ ለአንተ መንገዱ የተዘጋ ነው፣ ይቅር በለኝ። እኔ ያልተጻፈልኝን ቀዳዳ መብሳት አልችልም፤ ሙሴው ቅጹንና ካርዱን ያስተያያል።

ግን ጋሽ ወልደጻድቅስ? ልጅ ሆኜ መጋዘኑ በር ላይ ከአንተ ጋር ጆንያ ሲይዙ አያቸው ነበር፤ አንተ ስታወራ እሳቸው ዝም ብለው የሚሸከሙት። ከአንተ ያንሳሉ አይደል? እናቴ ወገባቸው እየከዳቸው እንደሆነ አስነግራኛለች። ይህ ሥራ ያተርፋቸዋል። መጻፍ ስለማይችሉ ባዶውን ቅጽ አያይዣለሁ፤ አንተ ሙላላቸው።

መኪናው የሚያውቃቸውን ቃላት ልስጥህ። «ጭነት»፣ «ክሬን»፣ «የእጅ ምልክት»፣ «ከአሥር ዓመት በላይ»፣ «ፈረንሳይኛ ይሰማል»። እነዚህን እውነት ከሆኑ ብቻ፣ እንዳሉ፣ ሳታስጌጥ ጻፍ። «የጭነት አንበሳ» አትበል፤ «ጭነት»። አንድ የቀረ፣ ከሁሉም የሚበልጥ መጠንቀቂያ አለ። ይህ ገጽ ስላለቀ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንደኛ አድርጌ ጽፌልሃለሁ፤ እሱን ሳታነብ ቅጹን እንዳትነካው


ድሬዳዋ፣ መጋላ
ታኅሣሥ 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተወዳጇ ናፊሳ፤

ሰላምታዬ በባቡር ጣሪያ ላይም ቢሆን ተሳፍሮ ይምጣልሽ። እኔ፣ እናትሽ፣ መጋላም በሙሉ ደህና ነን።

የመኪናሽን ነገር ለጫኞቹ አነበብኩላቸው። «የሚያነብ መኪና!» ስላቸው፣ ጀልዴሳ የተወለደው ዘበኛችን «ሹፌሩ የስንተኛ ክፍል ነው?» አለኝ። ወዛደርን የማያውቅ መኪና መኖሩን ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያነበብኩት። አንዳንድ ጆሮ አለ፤ መኪናው በሌለበት ስብሰባ ተጠርቶ ሂስና ግለ ሂስ ያስደርጉታል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በአንድ ገጽ ነው። ሃሊሞ ድንበሩ ዘንድ ደወሌ ላይ ለፍተሻ ስትወርድ የጨርቅ ጓዟን መሬት ላይ ዘረጋችው። አንዲት ነጭ ፍየል መጥታ ሁለተኛውን ገጽ ከነፊርማሽ በላችው። የመጀመሪያውን ቀምሳ ተወችው፤ ሙሴው ያለበት ስለሆነ ሳይጎመዝዛት አልቀረም። የተማረች ፍየል ናት አሁን፤ ባለቤቷ፣ አንድ ኢሳ አርብቶ አደር፣ እምቢ ብሎኝ እንጂ ገዝቼ ከተሻለች ክፍል አስገባት ነበር። ግድ የለም፣ የመጀመሪያው ገጽ በቅቶኛል።

እሑድ ለገሃሬ ሰፈር ወልደጻድቅ ቤት ሄጄ ቅጹን ሞላን። ሚስቱ ጥሩወርቅ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ወለወለችልኝ፤ እንደ ዳኛ ተቀመጥኩ።

«ወልዴ፣ ፈረንሳይኛ ትሰማለህ?» አልኩት።

«ስድስት ቃል።»

«ምን ምን?»

«አራቱ ስድብ ናቸው። ሴት ባለችበት አልናገራቸውም።»

«እንግዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ በምን ስትሰድበኝ ኖረሃል?» አለች ጥሩወርቅ ከጓዳ።

«አንቺን በአማርኛ ነው» አላት። ወልደጻድቅ ሲቀልድ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከሥራው ተስፋ የተነሣ ነው መሰለኝ፣ ፊቱ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው አየሁ። ተነሥቶ ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ «ጣሊያኑ ክሬን ነጂ እያለ እኔ ነበርኩ ምልክት የምሰጠው፣ ሦስት ዓመት፤ ጻፈው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጣቱ ሲዞር ከጓዳ ትሪ ይዛ የወጣችው ጥሩወርቅ ራሷ ወደ ላይ አነሣችው።

የልደት ዘመኑን ጠየቅኩት። የክርስትና ወረቀቱን ከሣጥን አወጣ፤ 1935። እንዳለ ጻፍኩት። ሌላውንም እንዳለ፣ አንበሳ ሳልጨምር፣ ፉርጎ ሳልጨምር። በሕይወቴ እንደዚህ ደረቅ ነገር ጽፌ አላውቅም። ስጨርስ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመና «ዒልሚ፣ ያንተ እጅ ነው የሚያወጣኝ» አለኝ።

ለማንበቢያ የሚሆን መነጽር ብትልኪልኝ። ያለ መነጽርም አነባለሁ፤ ግን ማን ያምነኛል?

አብቲሽ ዒልሚ


ጅቡቲ
የካቲት 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአብቲ ዒልሚ፤

አላህ ሰላሙን ያድርስልህ። ይህን የምጽፈው በከባድ ልብ ነው።

የጋሽ ወልደጻድቅ ካርድ ወደ ግራ ወደቀ። እንዴት ሊሆን ይችላል ብዬ ጠራጊው ሳይመጣ ከሣጥኑ አወጣሁት። ቃላቱ ሁሉ አሉ። አጻጻፍህ ሙሴው ራሱ ያደነቀው ነው። የጣላቸው ልደታቸው ነው። መኪናው የሚቆጥረው በፈረንጅ ዘመን ስለሆነ ከ1984 ላይ 1935 ቀነሰና የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ አደረጋቸው። እሳቸው ግን አርባ አንድ ናቸው!

ፍየሏ የበላችው ይህንኑ ነበር አብቲ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ በፍየሏ እየሳቅኩ ካርዱን በስቼ ከነቅጹ ለሙሴው አስረክቤ ነበር፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ያሰብኩት ካርዱ ከወደቀ በኋላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ መጻፍ ነበረብኝ። አንተ ምን ታውቃለህ፤ ጥሩ አድርገህ ሞላህ።

ለሙሴው ነገርኩት። «መኪናው አንዴ ፈርዷል፤ ቦታው በታጁራ ሰዎች ተሞልቷል» አለኝ። በሐምሌ ሌላ ዙር አለ። አዲስ ቅጽ ልኬያለሁ፤ 1943 ብለህ ቶሎ መልስልኝ። እስከዚያ ከባድ እንዳያነሡ ንገራቸው። መነጽሩ ከቅጹ ጋር አለ።

ናፊሳ


ድሬዳዋ፣ መጋላ
መጋቢት 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለናፊሳ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መነጽሩ ደርሷል። አፍንጫዬ ላይ ሲቀመጥ ዘበኛው ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠኝ።

ቅጹ እጄ ላይ ነው፤ እልከዋለሁ። ወልደጻድቅ ወገቡን ትንሽ አሞታል። ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ፣ ወደብ ላይ ያሉት የሚያደርጉት ዓይነት፣ ብታገኚ ከሃሊሞ ጋር ላኪ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ዛሬ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ሙቀት ነው።

ዒልሚ


ጅቡቲ
ሚያዝያ 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአብቲ ዒልሚ፤

ሰላምህ ይብዛ። ቀበቶውን ከአንድ የሱዳን መርከበኛ ገዝቼ ልኬ ነበር፤ ደረሰ? ቅጹስ? ሃሊሞ ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን መጣች። ብጠይቃት «አብቲሽ ድሮ ከሩቅ ይጠራኝ ነበር፤ አሁን ሲያየኝ ወደ መስጊድ ይገባል» አለችኝ። አንተ መስጊድ የምትገባው ጥላ ፍለጋ መሆኑን ስለማውቅ ፈራሁ።

የመጨረሻው ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ቀልድ ብቻ ነበር። አራት ጊዜ አነበብኩት፣ ሌላ ካለ ብዬ።

አብቲ፣ እኔ ያንን ካርድ አልጣልኩትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በየጠዋቱ አየዋለሁ። በቀን ሁለት መቶ ካርድ እበሳለሁ፣ የሰውን ቀዳዳ ስሕተት አገኛለሁ፤ የራሴን ሰው ግን በአንድ ገጽ ጣልኩት። ለጋሽ ወልደጻድቅ ንገርልኝ፤ የመኪናው ጥፋት አይደለም፣ የእርስዎም ዕድሜ አይደለም፣ የናፊሳ ነው በል። ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ይቅር ካላሉኝ ረመዳንን እንዴት እንደምይዝ አላውቅም።

ናፊሳ


ድሬዳዋ፣ መጋላ
ሰኔ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፊሳ፤

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ያንቺን ልብ ያሳርፈው፤ የእኔን እንደ ሥራዬ ያድርገው።

ቀበቶው ደርሷል፤ አልጠቀመም። በመጋቢት «ወገቡን ትንሽ አሞታል» ብዬ ነበር። እኔ ማጋነን ብቻ ሳይሆን ማሳነስም አውቃለሁ። ያን ከመጻፌ ከሳምንት በፊት ሲሚንቶ ከፉርጎ ስናወርድ፣ እሱ ከታች እኔ ከላይ፣ ወገቡ እንደ ደረቅ እንጨት ድምፅ ሰጠ። ከነጆንያው ተቀመጠ። «ተነሣ እንጂ ወልዴ፣ ገና ጠዋት ነው» አልኩት፤ ሰዎቹ ሳቁ። እሱ ግራ እግሩን በእጁ እየዳሰሰ «ይህ የማን እግር ነው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ።

ሆስፒታሉ መለሰው። ለገሃሬ አልጋው ላይ ነው፤ ጥሩወርቅ ታገላብጠዋለች፣ እኔ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። መጋዘን አዲስ የጆንያ ጓደኛ ሰጡኝ፤ የቢዮ አዋሌ ሰው ነው፤ ጆንያውን ወደ ራሱ ይስባል።

መልእክትሽን ነገርኩት፤ ጉልበትህን ስማለች አልኩት። «እሷ ምን አጠፋች» አለኝ። «መኪናው ልክ ነበር ዒልሚ። አርጅተሃል አለኝ፣ አላመንኩም፤ ይኸው። ከሰው ቀድሞ ውስጤን ያየው እሱ ነው።» ለጎረቤቱም እንዲሁ ይላል። ካህኑ ሊጠይቁት ሲመጡ ሳይቀር «በጅቡቲ መኪና ታይቼ ነበር፣ አርጅተሃል ብሎኝ ነበር» አላቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ መነጽሬን እጠርጋለሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ልንገርሽ። እኔ ወድቄያለሁ፤ ይሁን። ከዚያ ያ ዝም ብሎ የሚሸከም ሰው፣ ፊደል ለመቁጠር መጥቶ ሁለተኛው ቀን ከወንበሩ ላይ ያንቀላፋው፣ እሱ ሊያልፍ ነው፤ ያውም በእኔ ቢክ። ቅናት ነበር። አልክድም። ግን ቅናት ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቅናት ያልፋል። አስቢው፤ ሁለት ሰው ነው አንድ ጆንያ የሚይዘው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያኛው ጫፍ እሱ ነበር። በእያንዳንዱ ቀልዴ አልሳቀም፤ ግን እየቀለድኩ ጫፉን ለቆብኝ አያውቅም። እሱ ጅቡቲ ሄዶ በባንዲራ ሲያዝዝ፣ እኔ ለማን ላወራ ነው? አንድ ዓመት ብቻ ይቆይልኝ አልኩ። አንድ ዓመት ብቻ፤ ከዚያ ራሴ ጽፌ እልከዋለሁ።

የሐምሌውን ቅጽ ያልመለስኩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ስላፈርኩ፣ ኋላ ደግሞ የሚቆም ሰው ስለሌለ። ባዶውን መልሼልሻለሁ፤ ለሌላ ሰው ይሁን።

አሁን የምጽፈውን ገልብጬ ነው የምጽፈው፤ ከፊቴ ተዘርግቷል። እንዲህ ይላል፦ «አብቲ፣ ይህን ከሁሉ አስቀድመህ እወቅ። መኪናው በፈረንጅ ዘመን ነው የሚቆጥረው። በእኛ ዘመን የተጻፈ ልደት ሰውን ስምንት ዓመት ያስረጃል። በልደታቸው ዘመን ላይ ስምንት ደምር፤ ድምሩን እንጂ የክርስትና ወረቀቱን እንዳትጽፍ። ድምር ከጠፋህ ወይዘሪት ተሻለችን ጠይቅ እንጂ አትገምት። እወድሃለሁ፤ ናፊሳ።»

ድምር አልጠፋኝም። ያን እሑድ ጥሩወርቅ ጠረጴዛውን ስትወለውል፣ በቅጹ ጀርባ በእርሳስ ሠላሳ አምስት ላይ ስምንት ደምሬ አርባ ሦስት አገኘሁ። ትክክል ነበር። ተሻለች ብታየው ቀይ አታስነካውም። ከዚያ በላጲስ አጠፋሁትና በቢክ 1935 ጻፍኩ። ወልደጻድቅ ቁጥሩን አይቶ «አምሮብሃል» አለኝ።

ናፊሳ፣ ካርዱን ከመሳቢያሽ አውጪውና ለጠራጊው ስጪው። ያንቺ አይደለም። የቀረውን ረመዳንሽን በሰላም ጨርሺ።

ይህን ደብዳቤ ሃሊሞ ከመውሰዷ በፊት ነገ ለወልደጻድቅ አነብለታለሁ። እሱ ማንበብ አይችልም፤ ዘልዬ ባነብ አያውቅብኝም፤ ራሴን ስለማውቀው ነው ነገሩን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት፣ ወደዚህ ስደርስ ለመዝለል ሌላ መስመር እንዳይኖረኝ። ከዚያ በኋላ ውጣ ካለኝ እወጣለሁ። ምንም አትላኪልኝ።

ፉርጎውን አጋንኛለሁ። ሱሪውንም። ሃሊሞ ደወሌ ላይ መውረዷ፣ ፍተሻው፣ የተዘረጋው ጨርቅ፣ ሁሉም እውነት ነው፤ እሷን ጠይቂያት። የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ፍየል አልነበረችም።

ዒልሚ